የኪራሙን መሬት፣ ከብትና አውሬ በፎቶግራፍ መመዝገብ

ከነቀምቴ ወደ ሰሜን ተጉዞ ጊዳ አያናን ላለፈ መንገደኛ የኪራሙ አገር በሁለት መልክ ይታየዋል። በነሐሴ ወር የመጣ እንደሆነ በቆሎው ከሰው ቁመት አልፎ፣ ሣሩ ቦረቦሩን ሸፍኖ፣ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ያገኘዋል። በሚያዝያ የመጣ እንደሆነ ግን ያው ማሳ ተራቁቶ፣ አፈሩ ቀልቶ፣ ትናንት ያልታየው ቦረቦር አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ሁለቱ መንገደኞች ያዩትን ቢናገሩ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ነገር ግን የአንደኛው ምስክርነት «አገሩ ለምለም ነው»፣ የሁለተኛው ደግሞ «አገሩ አልቋል» የሚል ይሆናል።

ይህ ልዩነት በመንገደኛ ወሬ ብቻ የሚቀር አይደለም። በአንድ ገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ «ይህ ቦረቦር ካምና ወዲህ ሰፍቷል ወይስ አልሰፋም?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ ከበላዩ የሚያርሰውና ከበታቹ የሚያርሰው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። እርከኑ ሥራውን ሠርቷል ወይስ በከንቱ ደከምን የሚለውም ክርክር እንዲሁ ነው። በየዓመቱ በበጋ ወራት ሕዝቡ ወጥቶ የሚሠራው የተፋሰስ ሥራ ብዙ ጉልበት የሚፈስበት ሆኖ ሳለ፣ ውጤቱ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በተቆፈረው ሜትርና በወጣው ሰው ቁጥር እንጂ በመሬቱ ላይ በታየው ለውጥ አይደለም። የመሬቱን ለውጥ የሚያሳይ፣ ዋጋውም ለማንኛውም ማኅበር የማይከብድ አንድ መሣሪያ ግን አለ፤ እርሱም ፎቶግራፍ ነው።

ፎቶግራፍ ሲባል በገጠሩ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የሠርግ፣ የመታወቂያና የስብሰባ ፎቶግራፍ ነው። መሬትን፣ የቤት እንስሳንና የዱር አውሬን ማንሣት የጎብኚ ሥራ ይመስላል። በእንግሊዝ አገር ባላገር ግን ይህ ሥራ የብዙ ሰው ልማድ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ በአገራችንም ቢሆን የተራራና የሸለቆ ፎቶግራፎች ከፍ ላለ ቁም ነገር ውለዋል።

ከዓባይ ማዶና ከትግራይ የተገኘ ትምህርት

የኪራሙ መሬት ከደጋው እየተዳፋ ወደ ሰሜን እስከ ዓባይ ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው። በዚያው በጎጃም በደምበጫ አካባቢ ጌቴ ዘለቀና ሃንስ ሁርኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957፣ በ1982 እና በ1995 ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን አድርገው መርምረው ነበር። በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ከመቶ 27 እጅ የነበረው የተፈጥሮ ደን በሁለተኛው ከመቶ 2 እጅ፣ በሦስተኛው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተገኘ። የታረሰው መሬት በአንጻሩ ከመቶ 39 እጅ ወደ 70፣ ከዚያም ወደ 77 ከፍ አለ። ዳገቱ ሁሉ ታርሶ አለቀ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው አይቶታል፤ ሆኖም ከዓመት ወደ ዓመት ጥቂት በጥቂት ስለሆነ እንዳየው ሳያውቅ አሳልፎታል።

ነገሩ በየቦታው አንድ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ ደግሞ፣ በዚያው በጎጃም በጨሞጋ ተፋሰስ ወልደአምላክ በውቀት ያደረገው ጥናት ሌላ ነገር አሳይቷል። በዚያ ገበሬው በየደጁ በተከለው ባሕር ዛፍ ምክንያት በዛፍ የተሸፈነው መሬት በመጠኑ ጨምሮ ነበር። እንግዲህ «የጎጃም ደን እንዴት ሆነ?» ተብሎ በጥቅሉ ቢጠየቅ መልስ የለውም። የቱ ቀበሌ፣ የቱ ዳገት፣ ከመቼ እስከ መቼ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ለኪራሙም የሌላው አገር ፎቶግራፍ አይበቃትም የሚባለው ስለዚህ ነው።

በምድር ላይ ቆሞ በሚነሣ ፎቶግራፍ ረገድ የተሻለው ምሳሌ ከትግራይ የመጣው ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ዘምተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ፣ ከሠራዊቱ ጋር የነበሩት የመሐንዲስ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች በመንገዳቸው ላይ ያለውን ተራራና ሸለቆ በትልልቅ ካሜራ አነሡ። ዓላማቸው የጦር ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ምሁር ያን ኒሰንና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ፎቶግራፎቹን ይዘው፣ ያ ፎቶግራፍ አንሺ የቆመበትን ቦታ ድንጋይ በድንጋይ እየፈለጉ፣ በዚያው ቆመው እንደገና አነሡ። «ድሮ አገሩ ሁሉ ጫካ ነበር» ሲባል የኖረው ነገር ለእነዚያ ቦታዎች እውነት ሆኖ አልተገኘም። በ1860 ዓ.ም. ዳገቶቹ ቀድሞውንም ተራቁተው ነበር፤ በኋለኛው ፎቶግራፍ ላይ ይልቁንም እርከንና የተከለለ ጋራ፣ በብዙ ቦታም የበለጠ ዛፍ ታየ። ጥናቱ የተደረገው በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ጦርነት በፊት ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የደረሰውን ጥፋት አይጨምርም። የሕዝቡ የእርከን ሥራ ፍሬ ማፍራቱን ግን ሪፖርት ሳይሆን ተራራው ራሱ መስክሯል።

እዚህ ላይ መታየት ያለበት ዋናው ነገር ያ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ አንሺ የወደፊቱን ጥናት ፈጽሞ አለማሰቡ ነው። የኪራሙ ገበሬ ማኅበር ግን አስቦ ሊያነሣ ይችላል፤ ከ140 ዓመት ይልቅም 3 ዓመት ቢጠብቅ ይበቃዋል።

መሬት እንዴት ይነሣል?

በመጀመሪያ የሚመረጠው ቦታ ነው። ከትይዩው ዳገት ሆኖ ቦረቦሩን፣ ተፋሰሱን ወይም የወል ግጦሹን አንድ ላይ የሚያሳይ ከፍ ያለ ስፍራ ተፈልጎ ትልቅ ድንጋይ ወይም ብረት ይተከልበታል። ፎቶግራፍ አንሺው ሁልጊዜ የሚቆመው ከዚያ ላይ ነው። ከፎቶግራፉ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ማለት ቋጥኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጣሪያ፣ የትምህርት ቤት ሕንፃ መግባት አለበት። ዛፍ ሊቆረጥ ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። ሆኖም አንድ የታወቀ ዋርካ ወይም ዋንዛ ቢገባበት አይከፋም፤ ባይገኝ እንኳ አለመገኘቱ ራሱ ነገር ይናገራል።

ከዚያ ወሩና ሰዓቱ ነው። ከላይ የተነገረው የነሐሴና የሚያዝያ መንገደኛ ታሪክ እዚህ ላይ ይመጣል። አምና በሚያዝያ የተነሣውን ዘንድሮ በመስከረም ከተነሣው ጋር አስተያይቶ «ቦረቦሩ ዳነ» ማለት ራስን ማታለል ነው። የሚወዳደረው የካቲት ከየካቲት ጋር ነው። ሰዓቱም ጧት ከሆነ ሁልጊዜ ጧት ይሁን፤ ጥላው ሲዞር ጉድጓዱ ሜዳ፣ ሜዳው ጉድጓድ መስሎ ይታያልና። ለቦረቦር ደግሞ ከሩቁ ፎቶግራፍ ሌላ የቅርብ ያስፈልገዋል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በየሃያ ሳንቲ ሜትሩ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ከጫፉ ላይ አቁሞ ማንሣት ነው። ዘንግ የሌለበት የቦረቦር ፎቶግራፍ የፍየል ጉድጓድ ይሁን ቤት የሚውጥ ገደል አይለይም።

ስሙ፣ አቅጣጫው፣ ቀኑና ያነሣው ሰው በዚያኑ ዕለት ካልተጻፈ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ዛሬ አብዛኛው ፎቶግራፍ የሚነሣው በእጅ ስልክ ስለሆነ፣ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሸጥ ፎቶግራፉም አብሮ ይሄዳል። በዓመት ሁለት ሦስቱን እንኳ ነቀምቴ ልኮ በወረቀት ማሳተምና ከጀርባው መጻፍ፣ ከማኅበሩ መዝገብ ጋር ማስቀመጥ ይገባል። ሌላው ቅጂ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ዘንድ ቢቀመጥ አንዱ ቢቃጠል አንዱ ይተርፋል።

ገበሬው ፎቶግራፍ ማንበብ አይችልም የሚል ሰው ቢኖር የመሬት ይዞታ ምዝገባውን ያስታውስ። በኦሮሚያና በሌሎችም ክልሎች ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ፣ መዝጋቢዎቹ ከላይ የተነሣ የአገሩን ፎቶግራፍ በትልቅ ወረቀት አትመው ማሳው ድረስ ይዘውት ይሄዱ ነበር። ባለ ማሳውና ጎረቤቶቹ ባሉበት ድንበሩ በፎቶግራፉ ላይ ተሰመረ። ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ የራሱን ጎጆ ጣሪያ፣ የጎረቤቱን አጥርና የምንጩን መንገድ ከወረቀቱ ላይ ለይቶ ለማሳየት የፈጀበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የሆሮ ከብትና የበሬው ውፍረት

በወለጋ ከብት ሲነሣ የሆሮ ዘር ሳይጠቀስ አይታለፍም። የሆሮ ላምና በሬ መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። የሆሮ በግ ደግሞ ጠጉሩ አጭርና ለስላሳ፣ ላቱ ረጅም፣ መንታ በመውለድም የታወቀ ነው። ሁለቱም በባኮ የእርሻ ምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት ሲጠኑ ቆይተዋል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሆኖ፣ የሆሮን በግ ከመንዝ፣ ከቦንጋና ከአፋር በጎች ጋር በገበሬው መንደር ውስጥ በምርጫ የማሻሻል ሥራ ጀመረ። የሥራው ሥር ቀላል ነው። የሚያድገውን ጠቦት አውቆና መዝግቦ ለአውራነት ማስቀረት እንጂ ገበያ ወስዶ አለመሸጥ ነው። ብዙ ገበሬ ገንዘብ ሲቸግረው መጀመሪያ የሚሸጠው ፈጥኖ የደለበውን ነውና፣ ዘሩ የሚቀረው ከደካማው ይሆናል።

በዚህ ሥራ የከብቱ ፎቶግራፍ ከመዝገቡ ጎን ይቆማል። ፎቶግራፉ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። በእንግሊዝ አገር ከ200 ዓመት በፊት፣ ካሜራ ሳይፈጠር፣ ባለጸጋ ገበሬዎች የደለበ በሬያቸውንና በጋቸውን በሠዓሊ ማሣል ይወዱ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1796 የተወለደው የደርሃም በሬ የሚባለው ሰንጋ በልዩ ሠረገላ ተጭኖ አገር ላገር እየዞረ በገንዘብ ይታይ ነበር፤ ሥዕሉም ታትሞ ይሸጥ ነበር። በዚያን ዘመን የነበረው ቶማስ ቢዊክ የተባለ የታወቀ የሥዕል ቀራጭ፣ ባለ ከብቶች በአካሉ ላይ የሌለ ስብ ጨምረህ ሣል እያሉ እንዳስቸገሩትና እንቢ እንዳለ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ዐይኑ ያላየውን አልሣለም።

ካሜራ ከዚያ ሠዓሊ ይልቅ እውነተኛ ነው ቢባልም ማታለል አይሳነውም። ከበታች ሆነው ሲያነሡት ወይፈኑ በሬ ያህላል። በእጅ ስልክ እጅግ ተጠግተው ሲያነሡት ራሱ ገዝፎ ኋላው ይኮሰምናል። ከገበያ ደላላ ዘንድ በስልክ የሚላከውን የሰንጋ ፎቶግራፍ አይቶ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ይህን ቢያውቅ ኪሱን ያድናል። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ያወጣው መምሪያ የከብት ዘር በሚመዘገብበት ጊዜ ፎቶግራፍም ከልኬቱ ጋር እንዲያዝ ያዝዛል። በተግባር የሚደረገውም ይህ ነው፦ ከብቱ በደልዳላ መሬት ላይ በጎኑ ይቆማል፤ አራቱም እግሮቹ ይታያሉ፤ ሣር ሸሆናውን አይሸፍንም። አንሺው ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ፣ ከ5 እስከ 6 እርምጃ ርቆ፣ ካሜራው ከከብቱ ደረት ትክክል እስኪሆን ድረስ ይንበረከካል። ያው ዘንግ ከጎኑ ይቆማል። ከጎኑ ከተነሣ በኋላ ከፊት ለፊት ቀንዱንና ግንባሩን፣ ጆሮ ላይ ምልክት ካለም ምልክቱን ለብቻ ማንሣት ያስፈልጋል።

ይህ ለዘር ምዝገባ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በኪራሙና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፣ ከብትም ተዘርፏል። ከብቱ ከሌላ መንጋ ውስጥ ወይም ከሩቅ ገበያ ላይ ቢገኝ «የእኔ ነው» የሚለው ሰው ቃልና ምስክር ብቻ ይዞ ነው የሚቀርበው። ምስክሮቹ ራሳቸው የተበተኑ እንደሆነ ምን ይደረጋል? የቀንዱ አጣጣል፣ በግንባሩ ያለው ነጭ ምልክት፣ የመተኮሻው ጠባሳ የሚታይበትና ቀኑ የተጻፈበት ፎቶግራፍ ሽማግሌም ሆነ ዳኛ ሊያየው የሚችል ማስረጃ ነው። ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም፤ ለክርክሩ መነሻ ግን ይሆናል።

ከበቆሎው ማሳ ውስጥ የገባው ማን ነው?

ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላማ መሬት ገበሬው ከአውሬ ጋር የሚኖረው ጉርብትና ሰላም የለውም። ዝንጀሮ ቀን፣ ከርከሮ ማታና ማለዳ፣ ጃርት ሌሊት እየገቡ በቆሎውን ይካፈሉታል። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩት ማሳ ለመጠበቅ ነው። ሆኖም ለወረዳው የሚቀርበው አቤቱታ «አውሬ ሰብላችንን ጨረሰው» ከማለት አያልፍም። የትኛው አውሬ፣ በየትኛው ወር፣ ከየት በኩል ገብቶ፣ ስንት ጥማድ እንዳጠፋ ካልተገለጠ ማንም ሊረዳ አይችልም።

ለዚህ አውሬውን ራሱን ማንሣት ግድ አይደለም። የተበላውን ማንሣት ይቀላል። ዝንጀሮ እሸቱን ገንጥሎ፣ ልጦ፣ ግማሹን በልቶ ይጥለዋል። ጃርት አገዳውን ከሥሩ ቆርጥሞ ይጥላል። ከርከሮ ረግጦና ገፍትሮ ያልፋል። የእግሩ ዱካ በእርጥብ አፈር ላይ የተገኘ እንደሆነ ከጎኑ የክብሪት ቀፎ አስቀምጦ በቀጥታ ከላይ ማንሣት ነው። እንዲህ ያሉ ሃያ ፎቶግራፎች ቀናቸው ተጽፎ ሲደረደሩ ጥበቃው በየትኛው ሳምንትና በየትኛው ጠረፍ መጠናከር እንዳለበት ይታያል። ሕፃናቱም ዓመቱን ሙሉ ከመቅረት ይልቅ ለጥቂት ሳምንት በተራ ይጠብቁ ይሆናል።

አውሬውን ራሱን ማንሣት ለሚፈልግ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር ገጠር ተወልደው ያደጉት የኪርተን ወንድማማቾች፣ ሪቻርድና ቼሪ፣ ታሪክ ሊያስቀው ይችላል። እነዚህ ሰዎች ካሜራ እንደ ዛሬው ሳይቀል፣ ከባዱን ዕቃ ተሸክመው ወፎችን ከነጎጇቸው ያነሡ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ያወጡት የወፍ ጎጆዎች መጽሐፍ በፎቶግራፍ የተሞላ በመሆኑ በዓይነቱ ቀዳሚ ሆኗል። ወፎቹ ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ፤ በሬ ሲያዩ ግን አይሸሹም። ወንድማማቾቹም የበሬ ቆዳ ገዝተው፣ በእንጨት ማገር ላይ ወጥረው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ በሬ ሠሩ። አንዱ ካሜራውን ይዞ ከሆዱ ውስጥ ይቆማል፤ ከደረቱ በኩል በተበሳው ቀዳዳ ያነሣል። አንድ ቀን በሬው ከነሰውየው ተገልብጦ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሲሰቅል፣ ያም ራሱ ፎቶግራፍ ተነሥቷል።

የኪራሙ ገበሬ የቆዳ በሬ አያስፈልገውም። የማሳ ማማው፣ ማለት ልጁ ሆኖ ወንጭፍ የሚወረውርበት ቆጥ፣ ከዚያ የተሻለ መደበቂያ ነው። አውሬው ለምዶታል። ጉሬዛ ለማንሣት ከዛፉ ሥር ጧት በማለዳ ያለ ንቅናቄ መቀመጥ ይበቃል፤ ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ይወጣል። ጉሬዛ ወይም በኦሮምኛ ወኒ፣ ቅጠል በልቶ የሚያድር እንጂ ማሳ በመድፈር ስሙ የሚነሣ አይደለም። ያም ሆኖ ባለፈው ዘመን ስለ ቆዳው ብቻ እየታደነ ምንጣፍ ይሠራበት ነበር። ጉማሬን ግን በወንዙና በእርሱ መካከል ገብቶ ለማንሣት መሞከር ሞትን መጥራት ነው፤ ከሩቅ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ማንሣት ነው። የወፍ ጎጆም ሲነሣ ቅርንጫፍ መስበርና እንቁላል መንካት አይገባም፤ እናቲቱ ጥላው ልትሄድ ትችላለችና።

ካሜራው በማን እጅ ይሁን?

ካሜራ የማይታወቅ ሰው ሲይዘው ያስፈራል። በተለይ ብዙ ነገር ባየ አገር መሬት የሚያነሣ ሰው «መሬቱን ለማን ሊሰጥ ነው?»፣ ከብት የሚያነሣ ሰው «ለማን ሊጠቁም ነው?» መባሉ አይቀርም። ፍርሃቱም መሠረት የሌለው አይደለም። የአንድ ሰው በረት ስንት ከብት እንዳለውና የት እንደሚያድር የሚያሳይ ፎቶግራፍ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር ለሌባ ጥሩ ካርታ ነው። ስለዚህ የከብቱ ፎቶግራፍ የባለ ከብቱ ነው፤ ያለ ፈቃዱ ለማንም አይታይም፤ ከበረቱ ሳይሆን ከሜዳ ላይ ይነሣል። የመሬቱ ፎቶግራፍ የማኅበሩ ነው፤ በስብሰባ ላይ ለሁሉም ይታያል። ታጣቂ፣ ኬላና የጸጥታ ሥራ ባለበት ቦታ ካሜራ አይወጣም።

የሚያነሣው ሰው ከመንደሩ ተወላጅ ቢሆን ይመረጣል። ስልክ ያለው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለዚህ በቂ ነው፤ ችግሩ ተማሪው ተመርቆ መሄዱ ስለሆነ ሁለት ሆነው ቢሠሩና ለተከታዮቻቸው ቢያስረክቡ ይሻላል። ሴቶች ከዚህ ሥራ መራቅ የለባቸውም። የምንጩን ውኃ መጠን፣ የማገዶ እንጨቱን ርቀትና የጓሮውን ቡና ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ «ይህን አንሡልኝ» የሚሉት ነገር ወንዶቹ ከሚመርጡት ይለያል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የተቋቋሙት ገበሬ ማኅበራት ዛሬ ቀበሌ አስተዳደር ቢባሉም፣ በሕዝቡ አፍ የቀድሞ ስማቸው አልጠፋም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ የጋራ ፎቶግራፍ እንኳ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ ያነሣ ማኅበር ቢኖር ኖሮ፣ ዛሬ ከአምሳ በላይ ፎቶግራፍ በእጁ ላይ በሆነ ነበር።

ለመጀመሪያው ፎቶግራፍ የሚሻለው ወር የካቲት ነው። ሰብሉ ተሰብስቧል፣ ሣሩ ደርቋል፣ የእርከን ሥራው እየተካሄደ ስለሆነ ሰውም በቦታው አለ፤ ከመጋቢት በኋላ ከቃጠሎው የሚነሣው ጢስ የዓባይን ሸለቆ ይሸፍነዋል። ድንጋዩን ለመትከል ግን የካቲትን መጠበቅ አያስፈልግም።